ልጁ በሩን ነው የሚያየው፦ የልጅነት ጉዳትና ኤዲኤችዲ

ቅጹ 55 ጥያቄዎች አሉት። ቫንደርቢልት ይባላል። አሜሪካ ውስጥ «ይሄ ልጅ ኤዲኤችዲ (በአማርኛ ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) ሳይኖርበት አይቀርም» ሲባል ብዙ ጊዜ ለወላጅ የሚሰጠው እሱ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በክሊኒኮችና በትምህርት ቤቶች አስተርጓሚ ሆኜ ስለምሠራ ቅጹን ከብዙ እናቶችና አባቶች ጋር አንብቤዋለሁ። የጀመረውን ሳይጨርስ ይተዋል? ቁጭ በል ሲባል ይነሳል? ሞተር እንደተገጠመለት ይቅበጠበጣል? መልሱ በጭራሽ፣ አልፎ አልፎ፣ ብዙ ጊዜ ወይም በጣም ብዙ ጊዜ ነው።

የሞተሩ ጥያቄ ላይ ስንደርስ አንዲት እናት «እህቴ፣ ይሄ ልጅ ተኝቶ እንኳ እግሩ ይሮጣል» አለችኝ። ልጁ 8 ዓመቱ ነው። (ቤተሰቡ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።) አስተማሪው «ትምህርት አይከታተልም፤ ዓይኑ ሁልጊዜ ሌላ ቦታ ነው፤ ልጆች ከኋላው ሲነኩት ይማታል» ብሎ ጽፏል። ሐኪሟ ቅጹን ተቀብላ አየችውና አንድ ነገር ጠየቀች። «ልጁ በሕይወቱ ከባድ ነገር ደርሶበት ያውቃል?» እናቲቱ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደችም። «ኧረ ምንም አልደረሰበትም። ተንከባክበን ነው ያሳደግነው።» እኔም እንዳለችው ተረጎምኩ።

ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። እሷ ወደ አሜሪካ ስትመጣ ልጁ 2 ዓመቱ ነበር። ደሴ፣ አያቱ ጋ ቀረ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ከተማው ሲጠጋ አያቲቱ ልጁን አዝለው ከሰው ጋር ወጡ። ደብረ ብርሃን እስኪደርሱ መንገድ ላይ ምን እንዳዩ እስከ ዛሬ በስልክ አልነገሯትም። ልጁም አያወራም። «ግን እኮ ያኔ 4 ዓመቱ ነበር» አለችኝ። «ሕፃን ልጅ ምን ያስታውሳል ብለሽ ነው?»

አስተርጓሚ ነኝ፤ ምክር መስጠት ሥራዬ አይደለም። «እባክሽ እንመለስና ለሐኪሟ ንገሪያት፤ እኔ እተረጉምልሻለሁ» ብቻ ነው ያልኳት። ጥያቄዋ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ብዙ ወላጆች ይህንኑ ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። መልሱን እዚህ ልሞክር።

ከኤዲኤችዲ ልጀምር። ሰፈር ውስጥ ስሙ ሌላ ነው። ቀዥቃዣ፣ ቀልበ ቢስ፣ ፈዛዛ፣ ሲብስም ባለጌ። ኤዲኤችዲ ከአስተዳደግ ጉድለት የሚመጣ አይደለም። በመንትዮች ላይ የተሠሩ ብዙ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ በልጆች መካከል ካለው ልዩነት 74 በመቶ ያህሉ ከዘር ጋር የተያያዘ ነው። ከቁመት ብዙም አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2022 በተሰበሰበ መረጃ፣ አሜሪካ ውስጥ ከ3 እስከ 17 ዓመት ካሉ ልጆች 11.4 በመቶው፣ ማለትም 7 ሚሊዮን ያህሉ፣ በሆነ ጊዜ ኤዲኤችዲ አለባቸው ተብለዋል።

ይህን ለመወሰን ሐኪሞች መስፈርት አላቸው። ምልክቶቹ ከ12 ዓመት በፊት መታየት አለባቸው። 6 ወርና ከዚያ በላይ መቆየት አለባቸው። በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ቢያንስ በሁለት፣ ለምሳሌ ቤትም ትምህርት ቤትም፣ መታየት አለባቸው። በመጨረሻም፣ ምልክቶቹ በሌላ ችግር ይበልጥ የሚብራሩ መሆን የለባቸውም። ይቺ የመጨረሻዋ መስፈርት ናት በችኮላ የምትታለፈው። እነዚያ 55 ጥያቄዎች ውስጥ ልጁ ምን እንዳየ ወይም ምን እንደደረሰበት የሚጠይቅ አንድም የለም። ሐኪሙ በራሱ ካልጠየቀ፣ ወላጅም በራሱ ካልተናገረ፣ የልጁ ግማሽ ታሪክ ክፍሉ ውስጥ ሳይገባ ይቀራል።

አሁን ወደ ጉዳቱ። አስፈሪ ነገር ካለፈ በኋላ ውስጥ የሚቀረው፣ ብዙዎቻችን ትራውማ እያልን የምንጠራው ማለት ነው። ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ረጋ ብለን እንድናስብ፣ እንድንታገስ፣ አንድ ነገር ላይ እንድንቆይ ያደርገናል። ጠለቅ ብሎ ደግሞ አሚግዳላ የምትባል ትንሽ ክፍል አለች። ሥራዋ አደጋን ማሽተት ነው። እሷ «አደጋ!» ስትል ኖርአድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ቅመሞች ይለቀቃሉ። ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል። የግንባሩ ክፍል ለጊዜው ይዳከማል። ሌሊት መጽሐፍ እያነበቡ በርዎ ድንገት ቢደበደብ የጀመሩትን ገጽ አይጨርሱም። ጆሮዎ በሩ ላይ ነው። ይህ ጤነኛ ነገር ነው፤ ሕይወት ያድናል።

ችግሩ የበሩ ድብደባ ሳያቆም ሲቀር ነው። ልጅ ለረጅም ጊዜ በፍርሃት ሲቆይ ወይም አንድ በጣም አስፈሪ ነገር ሲያልፍበት፣ ያቺ ጠባቂ ክፍል አደጋው ካለፈ በኋላም አትተኛም። ክፍል ውስጥ ወንበር ሲንኳኳ ልጁ ይዘላል። አንድ ሰው ኮሪደሩ ላይ ሲያልፍ አንገቱን ያዞራል። አስተማሪው የሚያየው ሒሳቡን የማይሠራ ልጅ ነው። ልጁ ግን በዚያ ሰዓት ማን እንደገባና ማን እንደወጣ አንድ በአንድ ሊነግርዎ ይችላል።

«ሕፃን ልጅ ምን ያስታውሳል?» ለሚለውም መልሱ እዚሁ አለ። ታሪኩን ላያስታውስ ይችላል። ነገሮችን በቅደም ተከተል የሚያስቀምጠው የአንጎል ክፍል በዚያ ዕድሜ ገና አልጠነከረም። ፍርሃትን የምትማረዋ አሚግዳላ ግን በጣም ቀድማ ነው ሥራ የምትጀምረው። ስለዚህ አንድ ልጅ ስለ መንገዱ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ሳይችል፣ የከባድ መኪና ድምፅ ሲሰማ ግን ጠረጴዛ ሥር ሊገባ ይችላል።

ሁለቱ ችግሮች የሚገናኙበትን ቦታ በደንብ የሚያሳየው አንድ መድኃኒት ነው። ጓንፋሲን ይባላል። መጀመሪያ የደም ግፊት መድኃኒት ነበር። የየል ዩኒቨርሲቲዋ ኤሚ አርንስተን ጭንቀት የግንባሩን የአንጎል ክፍል እንዴት እንደሚያዳክም ለዓመታት አጥንታለች። ይህ መድኃኒት ያንን ክፍል እንደሚያጠናክር ካሳዩት አንዷም እሷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2009 ቀስ ብሎ የሚሠራው ዓይነት አሜሪካ ውስጥ ለኤዲኤችዲ ተፈቀደ። ኤዲኤችዲም ጭንቀትም ያንኑ የአንጎል ክፍል ነው የሚነኩት። ከውጭ ሲታዩ መመሳሰላቸው የሚገርም አይደለም።

ግን ጉዳት ኤዲኤችዲን ከመምሰል አልፎ ሊያመጣው ይችላል? በጣም ከባድ ሲሆን፣ አዎ የሚያሰኝ ማስረጃ አለ። በአምባገነኑ መሪ በቻውሴስኩ ዘመን ሩማኒያ ውስጥ ብዙ ልጆች በመንግሥት ማሳደጊያዎች ታጭቀው ነበር። የሚያቅፋቸው፣ የሚያዋራቸው ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1989 ሥርዓቱ ሲወድቅ የእንግሊዝ ቤተሰቦች አንዳንዶቹን በጉዲፈቻ ወሰዱ። ማይክል ራተርና ኤድመንድ ሶኑጋ-ባርክ የመሩት ቡድን 165 ልጆችን እስከ ጉልምስና ተከታተለ። 6 ወር ሳይሞላቸው ከዚያ የወጡት፣ እንግሊዝ ውስጥ ተወልደው በጉዲፈቻ ካደጉት ብዙም አልተለዩም። ከ6 ወር በላይ የቆዩት ላይ ግን የኤዲኤችዲ ምልክት በብዛት ታየ። ፍቅር ያለበት ቤት ካደጉ በኋላም ብዙዎቹን እስከ ጉልምስና አልለቀቃቸውም።

እዚህ ጋ ቆም ልበል። ይህን ሲያነቡ «ልጄን ትቼው ስለመጣሁ ነው» ብላችሁ የምትደነግጡ እናቶች አላችሁ። አያት ጋ ማደግ የሩማኒያው ማሳደጊያ አይደለም። የአያት እቅፍ ልጅን ከጭንቀት ከሚጠብቁ ነገሮች ዋነኛው ነው። ጦርነት ውስጥ እንኳ ጀርባቸው ላይ አዝለውት የሄዱ ሰው ነበሩት። ብዙ ጊዜ የማናየው ሌላ ነገር አለ። ደለስ አየር ማረፊያ አበባና ፊኛ ይዘን ልጁን ስንቀበል ለእኛ የመገናኘት ቀን ነው። ለልጁ ግን ያሳደጉትን አያቱን ያጣበት ቀን ነው። ሐኪም «ከማን ጋር አደገ? መቼ ተለየ?» ቢል፣ ያ ቀን ሊነገረው ይገባል።

ወደ ቁጥሮቹ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2017 የሕፃናት ሐኪሟ ኒኮል ብራውንና ባልደረቦቿ ከ76 ሺህ በላይ የአሜሪካ ልጆችን መረጃ ተመለከቱ። የቤተሰብ የገንዘብ ችግር፣ የወላጆች ፍቺ፣ ቤት ውስጥ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው መኖር፣ የሰፈር ብጥብጥ፣ የወላጅ መታሰር። እንዲህ ያሉ ክፉ ገጠመኞች በበዙ ቁጥር ኤዲኤችዲ የመባል ዕድልም አብሮ ጨመረ። አራትና ከዚያ በላይ ያለፈባቸው ላይ ወደ እጥፍ የተጠጋ ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ ቤይቪው ሰፈር ትሠራ የነበረችው ሐኪም ናዲን በርክ ሃሪስ ደግሞ የ701 ታካሚ ልጆችን መዝገብ ከባልደረቦቿ ጋር አየች። ምንም ክፉ ገጠመኝ ከሌላቸው የትምህርት ወይም የባህሪ ችግር የተመዘገበባቸው 3 በመቶ ነበሩ። አራትና ከዚያ በላይ ካላቸው 51 በመቶ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 የካሊፎርኒያ የመጀመሪያዋ የጤና ዋና ሐኪም ሆና ስትሾም፣ ሐኪሞች ልጆችን ስለ እነዚህ ገጠመኞች እንዲጠይቁ ግዛቷን አንቀሳቅሳለች።

ይህ ሁሉ መያያዝን ያሳያል። የቱ የቱን እንዳመጣ ብቻውን አይናገርም። መንገዱ በሁለቱም በኩል ይሄዳልና። ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅ ብርጭቆ ይሰብራል፣ ሱቅ ተልኮ ገንዘቡን ይጥላል፣ አሥር ጊዜ የተነገረውን ይረሳል። ከዚያስ? ቁንጥጫ፣ ኩርኩም፣ ተንበርክኮ መቆም። በርበሬ የታጠኑ ልጆችን የማያውቅ ማን አለ? የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንደሆኑ ይደነግጋል። ቤት ውስጥ ግን ብዙዎቻችን እየተመታን ነው ያደግነው። ትኩረቱ መጀመሪያውኑ ደካማ የሆነ ልጅ ከወንድሞቹ ይበልጥ ይመታል። ሲመታ ይፈራል። ሲፈራ ትኩረቱ ይብስ ይጠፋል። ከዚያ እንደገና ይመታል።

ሌላው በቤተሰብ የሚተላለፈው ነገር ነው። ኤዲኤችዲ በዘር ስለሚሄድ አባትየውም ሊኖርበት ይችላል። ሥራ የማይበረክትለት፣ የቤት ኪራይ ቀን የሚረሳ፣ ቶሎ የሚቆጣ አባት። ልጁ ዘሩንም የቤቱን ውጥረትም ከአንድ ሰው ይወርሳል። አባትየውን አንድም ሰው መርምሮት አያውቅም።

አሁን ደግሞ «ልጁ የማን ልጅ ነው?» ወደሚለው። አሜሪካ ውስጥ የእኛ ልጆች ቅጽ ላይ ጥቁር ተብለው ነው የሚቆጠሩት። እ.ኤ.አ. በ2013 የፔን ስቴቱ ፖል ሞርጋንና ባልደረቦቹ ልጆችን ከአጸደ ሕፃናት እስከ 8ኛ ክፍል የተከታተለ አገር አቀፍ መረጃ አጠኑ። ተመሳሳይ ባህሪና ተመሳሳይ የቤተሰብ ሁኔታ ካላቸው ነጮች ጋር ሲነጻጸሩ፣ ጥቁር ልጆች ኤዲኤችዲ አለባቸው የመባል ዕድላቸው በ69 በመቶ ያነሰ ነበር። ላቲኖዎች (ዘራቸው ከላቲን አሜሪካ የሆነ) በ50 በመቶ። ያው መቅበጥበጥ በነጩ ልጅ ላይ ሕመም ሲባል፣ በጥቁሩ ልጅ ላይ ረብሻ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2017–18 የትምህርት ዘመን በመንግሥት መዋዕለ ሕፃናት ካሉት ልጆች ጥቁሮች 18 በመቶ ያህል ነበሩ። ከትምህርት ገበታ ከታገዱት ግን 43 በመቶ። እነዚህ 3 እና 4 ዓመት የሆኑ ሕፃናት ናቸው።

አንድ ሌላ ጥናት ልቤን ነክቶታል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ነው። ዕድሜያቸው 9 እና 10 የሆኑ 7,350 ነጭና 1,786 ጥቁር ልጆችን የአንጎል ምስል አነጻጸረ። ከፍርሃትና ከትኩረት ጋር በተያያዙ አንዳንድ ክፍሎች መጠን ላይ ትናንሽ ልዩነቶች ተገኙ። የልጆቹ ኑሮ ሲታይ ጥቁሮቹ የበለጠ ድህነት፣ የበለጠ የሰፈር ችግር፣ የበለጠ ክፉ ገጠመኝ ነበረባቸው። ልዩነቱን በከፊል ያብራራው ይኸው ኑሮ ነበር፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የቤተሰብ ገቢ። ቆዳው አይደለም ልጁን የሚለየው። በላዩ ላይ የተጫነው ነገር ነው።

መጠየቂያዎቹም ቢሆኑ የሁሉንም ልጅ ሕይወት አያዩም። የልጅነት ክፉ ገጠመኞችን ለዓለም ያስተዋወቀው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1998 ሳን ዲዬጎ ነው የወጣው። የተጠየቁት በአብዛኛው የተማሩና የጤና መድን ያላቸው ነጮች ነበሩ። ከዚያ ጥናት የተገኘው ዝርዝር ስለ ቤት ውስጥ ነው፤ ድብደባ፣ ቸልታ፣ ፍቺ፣ መጠጥ። ጦርነት የለበትም። ስደት የለበትም። በዘር መገለል የለበትም። ፊላደልፊያ ውስጥ በኋላ የተሠራ ጥናት ዘረኝነትንና የሰፈር ጥቃትን ጨመረ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው መጠይቅም ጦርነትን ይጠይቃል። ልጅዎ የሚሄድበት ክሊኒክ የድሮውን ዝርዝር ብቻ ከያዘ፣ ከደሴ ታዝሎ የወጣ ልጅ ዜሮ ሊያገኝ ይችላል።

ታዲያ ወላጅ ምን ይመልከት? የደም ምርመራ የለውም። በአንጎል ምስል አንድን ልጅ ለይቶ ኤዲኤችዲ ነው ማለትም አይቻልም። ታሪክ ነው የሚለየው። መቼ ጀመረ? ከዳኸ ጀምሮ የማያርፍ ከነበረ አንድ ነገር ይነግራል፤ ረጋ ያለ ልጅ ከአንድ ክስተት በኋላ ከተለወጠ ሌላ። ሌሊትስ? እየጮኸ የሚነቃ፣ ብቻውን መተኛት የሚፈራ ልጅ ከኤዲኤችዲ ያለፈ ነገር ሊኖርበት ይችላል። ጨዋታውን ይዩት። አንድ ዓይነት አስፈሪ ነገር ደጋግሞ የሚስል ወይም የሚጫወት ልጅ እየተናገረ ነው። ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅ የሚወደውን ነገር ሲያገኝ ሰዓታት ሊቆይበት ይችላል፤ የተጎዳ ልጅ ደግሞ አጠገቡ የሚተማመንበት ሰው ሲኖር ይረጋል። እነዚህ ምልክቶች ብቻ ናቸው፤ የሚወስነው ሐኪም ነው። ሁለቱም አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉም አይርሱ። በእኔ እምነት ትልቁ ስህተት አንዱን መምረጥ ነው።

ለምን እንደማንናገር አውቃለሁ። ገመናችንን ለባዕድ አንነግርም። ከዚያም በላይ «ልጄን ይወስዱብኛል» የሚል ፍርሃት አለ። እውነቱን ልናገር። ሐኪሞችና መምህራን ልጅ እየተጎዳ ነው ብለው ሲጠረጥሩ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። ግን ጦርነት ማየት፣ መሰደድ፣ ከወላጅ ተለይቶ ማደግ፣ አያት መሞት ልጅ የሚያስወስዱ ነገሮች አይደሉም። ይህን መናገር ልጁን አያሳጣዎትም። ሐኪሙ ግማሹን ብቻ አይቶ እንዳይወስን ያደርገዋል። ደግሞም ነፃ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለዎት። ልጅዎን ስለራሱ እንዲያስተረጉም አያድርጉት።

ስለ መድኃኒት ሁለት ዓይነት ችኮላ አያለሁ። አንዱ ወዲያው መጻፍ ነው፤ ሌላው «ልጄን ዕፅ አላስቅምም» ብሎ ወዲያው መዝጋት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ6 ዓመት በታች ላሉት መጀመሪያ የሚመክረው ለወላጅ የሚሰጥ ሥልጠና ነው። ከ6 ዓመት በላይ መድኃኒቱና የባህሪ ሕክምናው አብረው ይመከራሉ። እንደ ሪታሊን ያሉት መድኃኒቶች ኤዲኤችዲ ላለበት ልጅ በደንብ ይሠራሉ። ቅዠትን ግን አያጠፉም። ለዚያ ልጅና ወላጅ አብረው የሚገቡበት፣ ጉዳቱ ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምና አለ፤ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 16 ቀጠሮ ይወስዳል። ትምህርት ቤቱን ደግሞ ልጁ እንዲገመገም በጽሑፍ ይጠይቁ። በቃል የተጠየቀ ነገር ይረሳል።

ያቺ እናት ከኮሪደሩ ተመለሰች። ቁጭ ብላ ሁሉንም ተናገረች፤ እኔም ተረጎምኩ። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀምጣ ሰማች። በዚያ ቀን ምንም አልጻፈችም። ልጁን መጀመሪያ ወደ ንግግር ሕክምና ላከችው። አያቲቱ በስልክ ተጠየቁ፤ «ኧረ ይሄ ልጅ ከጦርነቱ በፊትም አርፎ አያውቅም፤ አባቱም እንደዚሁ ነበር» አሉ። ከወራት በኋላ እንደገና ሲታይ ሁለቱም እንዳለበት ታወቀ። አሁን ትንሽ መድኃኒትም ይወስዳል።

ከሁሉ በፊት የተደረገለት ግን ሌላ ነው። በትምህርት ቤቱ ስብሰባ ላይ እናቱ የመቀመጫውን ነገር አነሳች። መሃል ላይ፣ ለበሩ ጀርባውን ሰጥቶ ነበር የሚቀመጠው። አስተማሪው በማግሥቱ ወንበሩን ወደ ግድግዳው ወሰደለት። አሁን ጀርባው ግድግዳ ነው፤ በሩ ፊት ለፊቱ ነው። ሰው ሲገባ አሁንም ቀና ይላል። ያየውና ወደ ደብተሩ ይመለሳል።